ተከድኖ የሚያይ ካሜራ

ገመዱን የያዝሁት እኔ ነኝ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ከወረታ አጠገብ ባለው ቁሐር ሚካኤል ላይ እስከ ዛሬ «ያ ገመድ ያዡ» እየተባልሁ ስለምጠራ ነው፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል። ስሜ ደሳለው ነው። ሥራዬ ባጃጅ መንዳት ነው። ወረታ መናኸሪያ በር ላይ የጎን መጋረጃዋ በሲባጎ የተሰፋ ሰማያዊ ባጃጅ ካያችሁ የእኔ ናት። መሬት ለክቼ አላውቅም። የምለካውም የለኝ።

ነገሩ የተጀመረው በካሜራ ነው።

ባየህ ከመናኸሪያው ጀርባ ፎቶ ቤት አለው። ሰው ሁሉ በስልኩ ራሱን ማንሳት ከጀመረ ወዲህ ወደሱ የሚመጣው ጉርድ ፎቶ ፈላጊ ብቻ ሆኗል፤ ጉርድ ፎቶ ፈላጊ ደግሞ ፎቶ ወዶ አይመጣም፣ አምጣ ተብሎ ነው። ባየህ ታዲያ ስልክ የማይችለውን ፎቶ ካላነሳሁ ቤቴን እዘጋለሁ ብሎ ሲያስብ ከረመ። አንድ ቀን ከባሕር ዳር ሲመለስ ከመናኸሪያው አሳፈርሁት። በላስቲክ የተጠቀለለ ካሜራ ይዟል። መሃሉ ባዶ ጉድጓድ ነው።

«ሌንሱስ?» አልሁት።

«የለውም።»

«ዓይን የሌለው በሬ ገዝተህ መጣህ በለኛ።»

«ዓይኑ ቤት አለ» አለኝ።

የሸጠለት ነጋዴም የተበላሸ መስሎት ነው የለቀቀለት። ይህ ካሜራ ማያ ቀዳዳው ከላይ ጥግ ላይ ነው፤ ሌንሱ የሚገጠመው ደግሞ መሃል ላይ። በቀዳዳው ስታይ የምታየው በሌንሱ በኩል አይደለም፣ በጎን ባለች ትንሽ መስኮት ነው። ድሮ በፊልም ጊዜም እንዲህ ያሉ ካሜራዎች ነበሩ አለኝ ባየህ፤ ይኼኛው ዲጂታሉ ነው።

«ስለዚህ አንተ የምታየውን እሱ አያይም?»

«ያያል። በጎን።»

በጎን የሚያይ ሰው አላምንም። ካሜራውንም ያን ቀን ነው የጠረጠርሁት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ እስከ ዛሬ ያልተመነጠርሁት ሁሉንም በየተራ ስለምጠረጥር ነው።

ዓይኑ ያለው እውነትም ቤት ነበር። ባየህን ሙያ ያስተማሩት ሽማግሌ ሲሞቱ አንድ የፊልም ካሜራ ትተውለት ነበር። ካሜራው ከሞተ ቆይቷል፤ ሌንሱ ግን እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው። ባየህ ይህን የድሮ ሌንስ ከአዲሱ ካሜራ ጋር ሊያጋባ ፈለገ። ችግሩ ሁለቱ ዘመድ አይደሉም። አፋቸው አይገጥምም። ደግሞም የድሮው ካሜራ ሆዱ ውስጥ መስታወት ስለነበረው ሌንሱ ከፊልሙ ራቅ ብሎ መቀመጥ የለመደ ነው፤ አዲሱ ግን ቀጭን ነው። በመካከላቸው ርቀቱን የሚሞላ ቱቦ ያስፈልጋል።

ቱቦ ከተባለ ወረታ ላይ ሰው ሰውመሆን ነው። ሰውመሆን የቶርኖ ባለሙያ ነው፤ የሩዝ መፈልፈያ ዘንግና የውኃ ሞተር ዕቃ ነው ሥራው። ባየህ የሞተውን ካሜራ አፍ በብሎኑ ፈትቶ፣ የአዲሱን ካሜራ አፍ መክደኛ መሃሉን በርቅሶ፣ «እነዚህን ሁለቱን በቱቦ አገናኝልኝ፣ ውፍረቱ ይኼን ያህል» አለው። ሰውመሆን ሌንሱን አንስቶ ወደ በሩ አሻግሮ አየበት።

«መነጽር ነው?»

«ሌንስ ነው።»

«በጦር መሣሪያ ላይ የሚገጠም ይመስላል።»

«በካሜራ ላይ ነው የሚገጠመው።»

«እንዲያ በለኝ እንጂ» አለ ሰውመሆን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ቀስ ብሎ፣ «ማን ላይ ሊያነጣጥር ነው?» አለኝ።

ቱቦውን ግን እንደ ቀለበት አድርጎ ሠራው። ጠቅ ብሎ ገባ። ባየህ ደስታው ገና ከአፉ ሳይወጣ ሌላ ጣጣ መጣ። ካሜራው የራሱ ሌንስ ሲገጠምለት ርቀት ይለካል፤ በቀዳዳው ሁለት ምስል ያሳይሃል፣ ሌንሱን ስታዞር ሁለቱ ይገጥማሉ፣ ሲገጥሙ ታነሳለህ። ባዕድ ሌንስ ሲገጠምለት ግን አያውቀውም። ቀዳዳው ሁሉን ነገር ጥርት አድርጎ ያሳይሃል፣ ፎቶው ግን እንደ ጉም ይወጣል። የደበዘዘ መሆኑን የምታውቀው ካነሳህ በኋላ ነው፣ ጀርባው ላይ ባለችው የተጫጫረች መስታወት።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አልሁ።

«ሌንሱ ላይ ርቀቱ በሜትር ተጽፏል። እኔ እለካለታለሁ።»

ገመድ ገዛ፤ በየሜትሩ ቋጠረው። የካሜራውን ጫፍ እሱ፣ የተነሺውን ጫፍ እኔ። ከፎቶ ቤቱ ፊት ለፊት አስፋልቱ ዳር ላይ ገመዱን ወጥረን ስንለማመድ ነው እንግዲህ እትየ ንግሥቲ የመጣችው።

እትየ ንግሥቲን አውቃታለሁ፤ ለገበያ ከቁሐር ስትመጣ የማመላልሳት እኔ ነኝ። ቅርጫቷን አስቀምጣ ቆመች። ገመዱን እኔ አፍንጫ ሥር አየችው። ተከትላው እስከ ካሜራው ሄደች። ከዚያ ቋጠሮዎቹን በዓይኗ ቆጠረች። እኔን ሰላም አላለችኝም።

«ይህ ገመድ ምንድን ነው ልጄ?» አለች ባየህን።

ባየህ ነገራት። ባየህ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ሰው ሲጠይቀው እውነቱን ይናገራል።

«ያለ ገመድ አያነሳም በለኛ?»

«ያለ ገመድ ይደበዝዛል፣ እትየ።»

«ማሳ ላይም ቢሆን?»

«የትም ቢሆን።»

ትንሽ አሰበች። «በል እንግዲያ መጥተህ ላሜን አንሳልኝ» አለች።

እዚህ ላይ ጠረጠርሁ። ምክንያት ነበረኝ። እትየ ንግሥቲ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከወሰንተኛዋ ከአያ ደረሰ ጋር ጠብ ውስጥ ናት። ጎርፉ የበረታበት ክረምት በሁለቱ ማሳ መካከል የነበረውን የወሰን ድንጋይ ደለል ዋጠው። ውኃው ሲሸሽ ድንጋዩ የለም። አያ ደረሰ ያን ዓመት ሩዙን ሲዘራ ወደ እሷ ትንሽ ተጠጋ፤ በዓመቱ ደግሞ ትንሽ፤ ዘንድሮ በቁራሿ ላይ የውኃ ሞተሩን ተክሎ ሽንኩርት መደብ አወጣበት። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ባንድ ጥዋት እዚህም እዚያም ቆፈር ቆፈር አደረጉና፣ «ደለሉ ጥልቅ ነው፤ ድንጋዩ ሲገኝ እንፈርዳለን» ብለው ተነሱ። እሷ ራሷ እንዳትፈልግ፣ እሱ ባረሰው ላይ ዶማ ካነሳች ደም ነው። ይህ ሁሉ ሳያንስ ምርቱን እኩል እየተካፈለ የሚያርስላት ሰው መጥቶ፣ «እትየ፣ የቀረሽ መሬት ለበሬ መዞሪያ አይበቃም፤ ለከርሞ ሌላ ፈልጊ» አላት። ሴት ወይዘሮ፣ ወንድ ልጅ የላትም፣ ሌላ አራሽ ከየት ታመጣለች? ያ ቁራሽ ካልተመለሰ የቀረውም መሬት ጦሙን ማደሩ ነው።

እንዲህ ያለች ሴት የላም ፎቶ ምን ያደርግላታል?

«ባየህ፣ ይቅርብን» አልሁት እሷ ከሄደች በኋላ።

«ለምን?»

«ላም አይደለም ነገሩ።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

እሱን አላወቅሁም። ጠርጣሪ ሰው ክፋቱ ይህ ነው፤ መጠርጠሩን እንጂ የጠረጠረውን ነገር አያውቀውም።

ጥር ነበር። ሩዙ ታጭዷል፣ ዋልካ አፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ከብቱ በየማሳው ቃርሚያ ይለቅማል። ባጃጄን እስከቻለችው ነዳናት፤ ከዚያ ተውናትና በእግር ገባን። እትየ ንግሥቲ ቀድማን ማሳዋ ላይ ቆማለች። ላሚቱ ጥቁርና ነጭ፣ ወፈር ያለች፣ ንቀት የሚታይባት ላም ናት።

«ከዚህ ትቁም» አለች እትየ ንግሥቲ።

«እዚያ ጥላው ይሻላል» አለ ባየህ።

«ከዚህ ነው። ጀርባዋን ወደ ሽንኩርቱ።»

ላም ለፎቶ የሚያቆም ሰው ፀሐይ ያያል፣ ጥላ ያያል። እሷ መሬት መሬት ነው የምታየው። ባየህ ካሜራውን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ፤ እኔ ገመዱን ይዤ ወደ ላሚቱ ሄድሁና ከጆሮዋ ሥር ወጠርሁት። ላሚቱ ቋጠሮውን ላሰችው።

ቀና ስል መስኩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ቆሟል።

ዛሬ መሬት የሚለካው በመሣሪያ እንደሆነ ፎገራ ላይ ሕፃኑም ያውቃል። ግን በመሬት ሽግሽጉ ጊዜ ገመድ ሲጣል ያየ ሰው ገመድ አይረሳም። ያኔ ገመድ አልፎበት ጥዋት ባለመሬት የነበረ ማታ ሌላ ሰው የሆነ አለ። አንዲት ሴት የተሸከመችውን ድርቆሽ ጥላ ወደ ቤቷ ሮጠች። ሁለት ሰዎች ከወዲያ ማዶ ሥራቸውን ትተው ወደኛ መምጣት ጀመሩ፤ ሲመጡ ሦስት ሆኑ፣ ከዚያ መቁጠር ተውሁ።

ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው አያ ደረሰ ነው። ዶማውን በትከሻው አድርጎ ከሞተሩ በኩል መጣ። ረጅም፣ ዝግ ያለ፣ አስቦ የሚናገር ሰው ነው።

«እንዴት ዋላችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ እንዴት ዋሉ፣ አያ?»

«እግዜር ይመስገን። ከብቱ፣ ልጁ፣ ከተማው ሁሉ ደኅና?»

«ሁሉ ደኅና።»

«ገመዱም ደኅና?»

እኔ ላሚቱን አየሁ። ባየህ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው።

አያ ደረሰ ሰላምታውን ሲጨርስ ዞር ብሎ ከመጀመሪያው የሽንኩርት መደብ ጥግ ላይ ሄደና ቆመ። ዶማውን ተመርኩዞ ቆመ። ከላሚቱ ጀርባ ልክ ፎቶው ውስጥ።

«አያ፣ ትንሽ ወደ ግራ ፈቀቅ ቢሉልኝ» አለ ባየህ።

«በማሳዬ ላይ ነው የቆምሁት።»

«እሱስ ነው፤ ግን ፎቶው ውስጥ ገቡ።»

«ልግባ።»

«እንዲያው ሁለት እርምጃ ብቻ...»

«አንድም!» አለ አያ ደረሰ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እዚህ ይሻለኛል» አለ።

ባየህ አነሳ። እትየ ንግሥቲ ላሚቱን ወደ ቀኝ ወሰደቻት፤ እንደገና ወጠርን፣ አነሳ። ወደ ግራ መለሰቻት፤ ወጠርን፣ አነሳ። በወጠርን ቁጥር ሰዉ አንድ እርምጃ ይጠጋል። «የት መሥሪያ ቤት ናችሁ?» ይላል አንዱ። «ፎቶ ቤት» ይላል ባየህ። «እሱንማ አየን፤ የላካችሁን ነው የምንለው» ይላል ሌላው። «ማንም አልላከንም።» «ማንም ሳይልክ ገመድ?»

በዚህ መሃል መምሬ ይሄይስ መጡ። መምሬ ይሄይስ የደብሩ ቄስ ናቸው፤ የአገሩ ግማሽ የንስሐ ልጃቸው ነው። ሰዉ መስቀል ሊሳለም ተሻማ። አሳለሙና ጭራቸውን ወዘወዝ እያደረጉ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

«ልጄ» አሉት ባየህን፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ «ይህ ገመድ ለምንድን ነው?»

«ለርቀት ነው፣ አባ። ካሜራው ርቀት አያውቅም።»

«ካሜራ ርቀት ካላወቀ ማን ያውቃል?»

«የራሱ ሌንስ ቢሆን ያውቅ ነበር። ይኼ የሌላ ነው፣ የድሮ። ቶርኖ ቤት ነው ያስገጠምሁት።»

«የሌላ ዓይን ነው የገጠምህለት?»

«አዎ፣ አባ።»

ከኋላ አንድ ሰው «ወይ ጉድ!» አለ። ባየህ የተጠረጠረው በውሸት መሰለው፤ እውነቱን ጨመረ። «ይኸውላችሁ፣ ቀዳዳውና ሌንሱ አይተዋወቁም። ላሳያችሁ» ብሎ የሌንሱን ክዳን ከኪሱ አወጣና ሌንሱን ጥርቅም አድርጎ ከደነው። ከደነውና ካሜራውን ለአያ ደረሰ ሰጠው። አያ ደረሰ ካሜራውን ለመቀበል እንኳ ከቆመበት አልተነቃነቀም፤ እጁን ዘረጋ እንጂ። ቀዳዳው ላይ ዓይኑን አደረገ።

ብዙ ቆየ።

«ምን ይታይዎታል?» አለ ባየህ።

«ላሚቱ።»

«ሌላስ?»

«ንግሥቲ። መምሬ። ... ሁሉም።» ካሜራውን ከዓይኑ አውርዶ ክዳኑን በጣቱ ዳሰሰው። «ተከድኗል?»

«ተከድኗል።»

እንደገና አየበት። እንደገና ዳሰሰው። «ተከድኖ ያያል!» አለ።

«አዎ! ይኸው ነው የምላችሁ!» አለ ባየህ። ደስ ብሎታል። ካሜራው ምንም እንደማያውቅ ያስረዳ መስሎታል። እኔ የሰዉን ፊት ነበር የማየው፤ ካሜራው ሁሉን እንደሚያውቅ ነው የተረዱት።

መምሬ ይሄይስ ጭራቸውን አቆሙ። «እንግዲህ ተከድኖ ካየ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከደለል በታችስ ያያል ወይ?»

ሞተሩ ብቻ ነው የሚሰማው።

«ኧረ አያይም፣ አባ» አለ ባየህ።

«አያይም ማለት አለበት» አለ አንዱ ሽማግሌ ለጎረቤቱ። «ቢያይ ይነግረናል እንዴ?»

አያ ደረሰ ካሜራውን እንደ ጋለ ምጣድ በሁለት እጁ መለሰ። እኛ ገመዱን ጠቅልለን፣ ሰላምታ ሰጥተን ስንሄድ ዞር ብዬ አየሁት። እዚያው ጥግ ላይ ነው።

ወረታ ስንደርስ ባየህ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ከፈታቸው። ላሚቱ በሦስቱም ደብዝዛለች። ከኋላዋ ያለው ነው የጠራው፤ በሦስተኛው ፎቶ ላይ አያ ደረሰ የእግሩ ጥፍር ሳይቀር ይቆጠራል። ባየህ ካሜራውን አንጠልጥሎ ሰውመሆን ጋ ሄደ፣ እኔም ተከተልሁ።

«ቀለበትህ ሳስቷል። ሌንሱ ወደ ውስጥ ስለጠለቀ ከምለካው አሻግሮ ነው የሚያየው።»

«ቀለበቴ ልክ ነው። ገመድህ ነው የሳተው።»

«ገመድ እንዴት ይስታል?»

«ላም ልሳዋለች አይደል? እርጥብ ገመድ ያጥራል» አለ ሰውመሆን። ማን እንደነገረው አላውቅም። ወረታ ከተማ ናት፤ ወሬ ግን ከባጃጄ ይቀድማል።

ሲጨቃጨቁ ትቻቸው ወደ ኮምፒውተሩ ተመለስሁ። ሦስቱን ፎቶ ጎን ለጎን አደረግሁ። ላሚቱ ሦስት ቦታ ቆማለች። አያ ደረሰ አንድ ቦታ ነው። ቀኝ እግሩ የመደቡ ጥግ ላይ ነው፣ በሦስቱም። ሰው ቆሞ ሲውል እግር ይቀያይራል፣ ይደክማል፣ ዝንብ ያባርራል። እሱ ዝንብ አላባረረም። ጠረጠርሁ፤ ለባየህ ግን አልነገርሁትም። ለባየህ ከነገርኸው ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል።

በገበያው ቀን እትየ ንግሥቲ መጣች። ባየህ አፈረ። «እትየ፣ ላሚቱ አልሆነችም፤ ተመልሰን እናነሳታለን፤ በነጻ።»

እሷ ሦስቱንም አየች። ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋች። ሦስተኛው ላይ ሌባ ጣቷን አሳረፈች፤ ላሚቱ ላይ ሳይሆን እግሩ ላይ።

«ላሚቱ ትቅር። ይቺን አጥበህ ስጠኝ። ተለቅ አድርጋት።»

«ይቺ እኮ የአያ ደረሰ ሆነች።»

«የሱ ከሆነች ለሱ ትሂድለታ» አለች። ፎቶው ሲወጣ በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ለእኔ ሰጠችኝ። «አንተ አድርስለት። ከእኔ እጅ አይቀበልም።»

«ምን ብዬ?»

«ምንም አትበል። ዝም ብለህ ስጠው።»

ገመድ ከመያዝ ያ ይከብዳል። አያ ደረሰ ግቢ በር ላይ ባጃጄን ሳላጠፋ ቆምሁ፤ ምናልባት ነው። ሰርክ የምትባለው ሚስቱ ወጣች፣ ፎቶውን ስታይ አፏን ያዘች። «ውይ! ራሱን መሰለ!» አለች፤ ከዚያ ራሱ እንደሆነ ትዝ ሲላት ሳቀች። አያ ደረሰ ከኋላዋ ወጥቶ ተቀበላት።

ፀሐይ ላይ ይዞ አየው። እኔን ቀና ብሎ ሳያይ፣ «ላም ልታነሱ አልነበረም የመጣችሁት?» አለ።

«ላም ነበር፣ አያ።»

«ላሟ የት አለች?»

«ይቺ ናት። ደብዝዛ ነው።»

«እኔስ ለምን አልደበዘዝሁም?»

ቀለበቱ ስለሳሳ ነው አልሁት። እውነቱ ይኸው ነው።

«የማን ቀለበት?» አለ፤ መልሴን ግን አልጠበቀም። «ገመዱ ላሟ ላይ ነበር። ዓይኑም ላሟ ላይ ነበር። እኔ እዚያ ወዲያ ነኝ።» ፎቶውን ዝቅ አደረገው፤ እንደገና አነሳው። «እግሬን ለምን እንዲህ አጠራው?»

«እንጃ፣ አያ።»

«ንግሥቲ አይታዋለች?»

«አይታዋለች።»

«ምን አለች?»

«ለእርስዎ ትሂድ አለች። ሌላ ምንም አላለች።»

«ምንም?» አለ። ይኸ ቃል ነው የጎዳው። ብትሳደብ ይሰድባት ነበር፣ ብትከስ ይከራከራት ነበር። ፎቶውን ለሰርክ ሰጣት፣ ሰርክ ግድግዳ ላይ ልታደርገው ስትል፣ «አይሰቀልም!» አላት። እኔም ባጃጄ ስላልጠፋች ደስ አለኝ።

በእሑዱ ቅዳሴ ወጥቶ ሰዉ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ሲበታተን አያ ደረሰ ጋቢውን አስተካክሎ መሃል ገባ። እኔም ነበርሁ፣ ከወረታ የመጡ ሰዎች አድርሼ። «ወገኖቼ፣» አለ፣ «ሚካኤል በሕልሜ መጥቶ የወሰኑን ድንጋይ አሳየኝ። ተከተሉኝ።»

ሰዉ ተከተለው። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ እትየ ንግሥቲ ከኋላ፣ መምሬ ይሄይስ ራቅ ብለው። አያ ደረሰ ቀጥ ብሎ ወደ ማሳው ሄዶ የመጀመሪያው የሽንኩርት መደብ ጥግ ላይ ቆመ። አልፈለገም፣ አልዞረም፣ አልለካም። እዚያው ተጋድሞ የነበረውን ዶማውን አንስቶ መታ፤ ጭቃ። ደገመ፤ ቋ! አለ።

የተሰበረ ወፍጮ ግማሽ ነው። አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ የንግሥቲ አማት ወፍጮ ነበር። ደለሉ ጥልቅ ነው ብለው የተዉት ሽማግሌዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ አያ ደረሰን አዩት። እሱ ሰማይ ያያል።

«ሚካኤል አሳምሮ ነው ያሳየህ» አለ አንደኛው። «እኔንስ ብዙ ጊዜ ቦታ አይነግረኝም።»

ማንም አልሳቀም። ፈረዱ። ከድንጋዩ ወዲህ ያለው የንግሥቲ ነው፤ ሽንኩርቱን ደረሰ ይንቀልና መሬቱን ይልቀቅ።

አንድ ነገር ግን አለ፤ ካልነገርኋችሁ ደግሞ እኔን ትጠረጥራላችሁ። እትየ ንግሥቲ እስከዚያ ቀን ድረስ በየሽማግሌው ፊት ስትምል የነበረው ወሰኔ እስከ ሁለተኛው መደብ ነው እያለች ነው። ድንጋዩ የወጣው ከመጀመሪያው መደብ ጥግ ነው፤ አንድ መደብ ጨምራ ነበር። አያ ደረሰ ይህን አላጣውም። «ሁለተኛው መደብስ፣ ንግሥቲ? ያ መሐላስ?» አለ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። እትየ ንግሥቲ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አስተካክላ እልል አለች። ረዥም እልልታ። ሴቶቹ ተቀበሏት። እልልታው ሲያበቃ ጥያቄውን ያነሳ ሰው አልነበረም፣ ደረሰም ቢሆን። እኩል አራሹ እዚያው ከሰዉ መሃል ወጥቶ መሬቱን በእርምጃ ሄደበት፣ ጫፍ ላይ ደርሶ ዞረ፣ ተመልሶ መጣ። «በሬ ይዞርበታል» አለ። «ለከርሞ አርሰዋለሁ፣ እትየ።» ያን ጊዜ ነው እሷ ድንጋዩ ላይ የተቀመጠችው። ቁጭ አለችና ፊቷን ሸፈነች። ለብዙ ጊዜ አልተነሳችም።

ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ሳምንት በኋላ መምሬ ይሄይስ ሐሙሲት ለተዝካር ተጠርተው ኖሮ ላደርሳቸው መጣሁ። ከቤታቸው እስኪወጡ ግቢው ውስጥ ቆሜ ስጠብቅ አንዲት ላም ከጋጣው ጥግ ታየኛለች። ጥቁርና ነጭ። ወፈር ያለች። ንቀት ያለባት። ጠጋ ስላት ምላሷን ዘረጋችልኝ።

መምሬ ወጡ። ጥምጥማቸውን አስተካክለው ከባጃጄ ኋላ ገቡ፤ እኔም መሪው ላይ ተቀመጥሁ።

«አባ፣ ይቺ ላም የማን ናት?»

«የእኔ ናት።»

«እትየ ንግሥቲ ላሜ ብላ ያስነሳቻት እኮ ይቺን ነው።»

«ለአንድ ቀን አውሱኝ አለች፤ አዋስሁ። ላም ማዋስ ኃጢአት ነው እንዴ?»

«አይደለም፣ አባ።» ወደ ፊት ዞርሁ። ቁልፉን ያዝሁ፣ ግን አላዞርሁትም። «ያን ቀን ‹ከደለል በታችስ ያያል ወይ› ብለው ጠይቀው ነበር።»

«አላውቅም ነበር። ያላወቀ ይጠይቃል። ያ ልጅም አያይም ብሎ እውነቱን መለሰልኝ። የዋሸ አለ?»

አሰብሁ። ባየህ አልዋሸም። እኔ አልዋሸሁም። ሰውመሆን እንኳ ገመድህ ነው ያለው አምኖበት ነው። እሳቸውም ከጥያቄ በቀር ምንም አልተናገሩም። የንስሐ አባት በኑዛዜ የሰማውን ለማንም አይተነፍስም፤ አንገቱ ቢቆረጥ አይተነፍስም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ስለ ላም ግን ሕጉ የሚለውን አላውቅም።

«አባ፣» አልሁ፣ «አያ ደረሰ የንስሐ ልጅዎ ናቸው፣ አይደል?»

መምሬ ይሄይስ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት።

«ባጃጅህን አስነሣ» አሉኝ።

አስነሣሁ። ወደ ዋናው መንገድ ወጣን። አንድ ጊዜ በመስታወቱ ሰረቅ አድርጌ አየኋቸው። በጎን ነበር የሚያዩኝ።